ከሲሚንቶ ፋብሪካ ወደ አገረ ገዥነት፦ የሉዊስ ፌሬ ጉዞ

[ምስል፦ ፖንሴ ከተማ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ]

በ1950 የፖርቶ ሪኮ መንግሥት የሲሚንቶ፣ የጠርሙስ፣ የካርቶንና የሸክላ ፋብሪካዎቹን አንድ ላይ አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ሸጠ። ከ18 ዓመት በኋላ የዚያ ቤተሰብ ልጅ፣ ፋብሪካዎቹን የሸጠለትን ፓርቲ በምርጫ አሸንፎ አገረ ገዥ ሆነ። ሉዊስ ፌሬ ይባላል። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስን እንቀጥል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት። ፖርቶ ሪኮ የካሪቢያን ደሴት ናት። አሜሪካ በ1898 ከስፔን በጦርነት ወሰደቻት፤ በ1917 ለነዋሪዎቿ ዜግነት ሰጠች፤ ክፍለ ግዛት ግን አላደረገቻቸውም። እስከ ዛሬ በደሴቲቱ የሚኖር ሰው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድምፅ አይሰጥም። አገረ ገዥውን ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ1948 ሲሆን ከዚያ በፊት የሚሾመው ከዋሽንግተን ነበር። በዚህ ምክንያት የፓርቲዎቹ ጠብ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ይመነጫል፦ ከአሜሪካ ጋር ሙሉ በሙሉ እንቀላቀል፣ ነጻ እንውጣ ወይስ እንዳለን እንቆይ? ፌሬ መቀላቀልን፣ ማለትም ክፍለ ግዛት መሆንን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰብክ ኖሯል።

[ምስል፦ የድሮ የብረታ ብረት መሥሪያ ቦታ]

የተወለደው በ1904፣ በደቡባዊቷ የፖንሴ ከተማ ነው። ኩባ የተወለደው አባቱ አንቶኒዮ፣ የስኳር ፋብሪካዎችን ማሽን የሚሠራና የሚጠግን የብረታ ብረት ድርጅት ነበረው። ልጁ ወደ ቦስተን ሄዶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምህንድስና ተማረ፤ እዚያው ከተማ ደግሞ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ አጠና። ፒያኖውን እስከ እርጅናው አልተወውም።

ቤተሰቡን ያከበረው ሲሚንቶ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፖንሴ ላይ የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ። በደሴቲቱ የነበረው ሌላኛው ሲሚንቶ ፋብሪካ የመንግሥት ነበር። መንግሥት ከሲሚንቶው ያተርፋል፤ ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ግን ኪሳራ ይቆጥራል። በተለይ ለሩም መጠጥ ጠርሙስ እንዲያቀርብ የተሠራው የመስታወት ፋብሪካ ራስ ምታት ሆኖበት ነበር። ስለዚህ አትራፊውን ከከሳሪዎቹ ጋር አስሮ ለገበያ አቀረበ፤ ፌሬዎች ሁሉንም ገዙ። ይህ ግዢ ድፍረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ስሌት እለዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደሴቲቱ የሚመረተው ሲሚንቶ ሁሉ የእነርሱ ሆኗልና፤ ያኔ ደግሞ ፖርቶ ሪኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግንባታ ላይ ነበረች። ፌሬ በዚያው ዘመን «ኤል ዲያ» የተባለውን የፖንሴ ጋዜጣም ገዝቷል።

በፖለቲካው ግን ዕድሉ ጠማማ ነበር። በ1940 ለፖንሴ ከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1948 በዋሽንግተን የደሴቲቱ ተወካይ ለመሆን ሞክሮ ተሸነፈ። በ1952 የምክር ቤት ወንበር አገኘ እንጂ በ1956፣ በ1960 እና በ1964 ለአገረ ገዥነት ቀርቦ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ። ከፊቱ የቆመው የሉዊስ ሙኞዝ ማሪን ሕዝባዊ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው፤ ምልክቱ የገበሬ ሰፌድ ባርኔጣ፣ ጉልበቱ ደግሞ መሬት ያገኘው ድሃ ገበሬ ነበር። ፋብሪካ ያለው ሰው በዚያ ባርኔጣ ላይ ምን ያህል ሊገፋ ይችላል?

[ምስል፦ በሽንፈቶቹ መካከል አንድ ሥዕል]

በእነዚህ የሽንፈት ዓመታት የሠራው አንድ ነገር ከሹመቱ ይበልጥ ዕድሜ አግኝቷል። በ1959 በ71 ሥዕሎች የፖንሴን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ከፈተ። በ1963 ለንደን ውስጥ አንድ ሥዕል ዓይኑ ገባ፦ ደማቅ ብርቱካናማ ቀሚስ የለበሰች ሴት ተኮራምታ ተኝታለች፤ ከጀርባዋ ባሕሩ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ፍሬድሪክ ሌይተን በ1895 የሣለው ነው። በዚያን ጊዜ የቪክቶሪያ ዘመን ሥዕል እንደ አሮጌ መጋረጃ ነበር፤ የሚፈልገው አልነበረም። ፌሬ በ2,000 ፓውንድ ገደማ ወሰደው። ዛሬ የሎንዶንና የኒው ዮርክ ታላላቅ ሙዚየሞች ያንን ሥዕል ከፖንሴ ይዋሳሉ።

አሁን ወደ 1967 እንምጣ። በዚያ ዓመት ሐምሌ በደሴቲቱ የወደፊት ዕጣ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተጠራ። የፌሬ ፓርቲ፣ በባለቤቱ እህት ባል በጋርሲያ ሜንዴዝ መሪነት፣ «አንሳተፍም» አለ። ፌሬ አፈንግጦ ቀሰቀሰ፤ ክፍለ ግዛትነት 39 ከመቶ ድምፅ አገኘ። ተሸነፈ፤ ነገር ግን ምን ያህል ሰው ከኋላው እንዳለ ቆጥሮ አወቀ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ተራማጅ ፓርቲን መሠረተ፤ ምልክቱ የዘንባባ ዛፍ፣ መፈክሩም «ይህ መለወጥ አለበት» ሆነ።

ዋናው ሲሳይ የመጣው ግን ከተቃራኒው ሰፈር ነው። ሙኞዝ ማሪን በ1964 ወንበሩን ለሮቤርቶ ሳንቼዝ ቪሌላ ለቅቆ ነበር። ተተኪው ሚስቱን ፈትቶ ከመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ጋር ለመጋባት መወሰኑን በአደባባይ ተናገረ፤ ካቶሊክ በሆነችው ደሴት ጉድ ተባለ። በዚያ ላይ ከፓርቲው ሽማግሌዎች ጋር ተቃቅሮ ነበርና ፓርቲው ሳያቀርበው ቀረ። እርሱም በሌላ ፓርቲ ስም ተወዳደረ። የባርኔጣው ድምፅ ለሁለት ሲሰነጠቅ ፌሬ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ፣ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። የ28 ዓመት የአንድ ፓርቲ የበላይነት እንዲህ አበቃ። የፌሬ አድናቂዎች ጽናቱን ያወድሳሉ፤ ጽናቱ እውነት ነው። ሆኖም ያለ ሳንቼዝ ቪሌላ ፍቺ በ1968 ያሸንፍ ነበር ብሎ መከራከር ይከብዳል።

[ምስል፦ ላ ፎርታሌዛ፣ የአገረ ገዥው መኖሪያ]

ጥር 2 ቀን 1969 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ጋዜጣውን ለልጁ አስተላለፈ፤ ልጁም ወደ ዋና ከተማው ወስዶ «ኤል ኑዌቮ ዲያ» አለው። ፌሬ ራሱን በሐሳብ አብዮተኛ፣ በዓላማ ሊበራል፣ በአሠራር ወግ አጥባቂ አድርጎ ይገልጽ ነበር። በመንግሥት መሬት ላይ ጎጆ ቀልሰው ለሚኖሩ ቤተሰቦች መሬቱን በ1 ዶላር በስማቸው አዞረላቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ የገና ጉርሻ ሕግን ፈረመ፤ አሠሪ ሁሉ ለሠራተኛው በታኅሣሥ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነው። ቀጣሪዎች ከአንድ የፋብሪካ ባለቤት ይህን አልጠበቁም።

የቀረው ዘመን ቀላል አልነበረም። ሴኔቱ በተቃዋሚዎች እጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ይታመስ ነበር። በ1970 ባለቤቱ ሎሬንዛ አረፈች፤ የቀዳማዊት እመቤትን ሥራ ልጁ ሮዛሪዮ ተረከበች። ሮዛሪዮ ደራሲ ነበረች፤ ደግሞም የነጻነት ደጋፊ ነበረች። የአባትየውን እንግዶች የምትቀበለው የአባትየውን ዓላማ የምትቃወም ልጅ ነበረች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማዕድ ምን ይወራበት እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ።

በ1972 የፖንሴው ልጅ ራፋኤል ኤርናንዴዝ ኮሎን አሸነፈው። ፌሬ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ከ1977 እስከ 1981 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1991 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ የነጻነት ሜዳልያ ተቀበለ፤ በ2003 በ99 ዓመቱ አረፈ። የቤተሰቡ ሲሚንቶ ኩባንያ ከአንድ ዓመት በፊት ለሜክሲኮው ሴሜክስ ተሸጦ ነበር።

ከሳን ሁዋን ፖንሴ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና በስሙ ይጠራል። ደሴቲቱ አሁንም ክፍለ ግዛት አይደለችም። የገና ጉርሻ ሕጉ ግን ተሻሽሎም ቢሆን አለ፤ አላተረፍኩም፣ አልከፍልም የሚል አሠሪ በየዓመቱ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሒሳቡን ለሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይጠበቅበታል።