የውኃው ቀለብ

የተከበራችሁ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት አባላት፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፤ ጥሪዬን አክብራችሁ ከጎርጎራ፣ ከደልጊና ከደምቢያ ቀበሌዎች ድረስ እዚህ ጎንደር ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎርጎራ ወርጄ ነበር። ጀልባዎቹ ከሚያርፉበት ዳርቻ አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ይበልታሉ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ አንሥተው ሆዱን በቢላዋ ሲሰነጥቁት ሰባት ትንንሽ ዓሦች ወጡ፤ ከሰው ጣት የማይበልጡ፣ የብር ቀለም ያላቸው፣ ሁለቱ ገና ያልተፈጩና ዓይናቸው ሳይቀር የሚታይ ነበሩ። እናታችን ከአንጀቱ ጋር ጠርገው ወደ ውኃው ጣሏቸው። «እነዚህ ምን ይባላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ስም አላቸው ልጄ፣ የዓሣ ልጆች ናቸው እንጂ» አሉኝ።

መልሳቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰባት ዓሦች የማንም ልጆች አልነበሩም። አድገው የጨረሱ፣ ራሳቸው እንቁላል የሚጥሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያልፉ ዝርያዎች ናቸው። የሳይንስ ሰዎች ከዳርቻው የማይርቀውን ባርበስ ሁሚሊስ፣ በሰፊው ውኃ መካከል የሚኖረውን ደግሞ ባርበስ ታናፔላጊየስ ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ይህ ሁለተኛው ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ሁለቱም በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውኃ ነፍሳትን ይለቅማሉ፤ እነርሱን ደግሞ ትልልቆቹ ዓሦች ይመገቧቸዋል። ነጭ ዓሣ የምንለው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች የሚገኙበት ትልቅ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በልተው የሚኖሩ ናቸው። እንግዲህ በጎንደር ምግብ ቤቶች ለጉላሽ የሚቀርበው ነጭ ዓሣ ሥጋው የተሠራው ስም ካላገኙት ከእነዚያ ትንንሾች ጭምር ነው። እኔ ዛሬ የውኃው ቀለብ ብዬ ልጥራቸው።

የባሕር ዳርቻ በሌላት አገር፣ ያውም በደጋ ከተማ ቆሜ አሁን ስለ ባሕር መናገሬ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ስለ ባሕር የማወራው ግን ይህንኑ ቀለብ ከውኃ ጠርጎ የማውጣት ስሕተት በብዙ የባሕር ዳርቻዎች አስቀድሞ ስለተፈጸመ፣ ጉዳቱም ተለክቶ ስለተጻፈ ነው። የውጭውን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ እየወጣ ንጥረ ምግብ ይዞ ይመጣል። በዚያ ለምነት ላይ ደቃቅ የውኃ ዕፅዋትና ነፍሳት ይበቅላሉ፤ እነርሱን አንቾቪ የሚባለው ጣት የሚያህል ዓሣ ይመገባል፤ አንቾቪውን ደግሞ ትልልቅ ዓሦች፣ የባሕር አንበሶችና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ይመገቡታል። ከታች ብዙ ዓይነት ፍጥረት አለ፣ ከላይም ብዙ ዓይነት አለ፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ብቻ ነው ያለው። አጥኚዎች ይህን አቀማመጥ ከተርብ ወገብ ጋር ያመሳስሉታል፤ ወገቡ ከተቆረጠ ላይኛው ከታችኛው ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም። በ1970 ከዚያ ዳርቻ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቪ ወጣ። በ1972 ኤል ኒኞ የሚባለው የሞቀ ውኃ መጣ፣ የዓሣው ጫጩት አነሰ፣ ማስገሩ ግን አልቆመም፤ በ1973 የተያዘው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ሆነ። ኩሳቸው ለማዳበሪያነት እየተሸጠ ለፔሩ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሀብት ምንጭ የነበሩት ወፎችም በረሃብ በብዛት አለቁ። ዓሣው ወደ ቀድሞው ብዛቱ ለመጠጋት ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ወሰደበት።

እዚህ ላይ አስጋሪ ወንድሞቼ ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው ነገር አለ። ትንንሽ ዓሦች ተሰብስበው በመንጋ ይሄዳሉ። ቁጥራቸው በግማሽ ቢቀንስም የቀሩት ተጠጋግተው መንጋቸውን እንደያዙ ስለሚኖሩ፣ መንጋውን ያገኘ ጀልባ ዛሬም እንደ ትናንቱ መረቡን ሞልቶ ይመለሳል። አስጋሪው ዓሣ ማነሱን የሚያውቀው የመጨረሻዎቹን መንጋዎች ካወጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል። ስለዚህ የትንሽ ዓሣ ብዛት የሚለካው በተሞላ መረብ ሳይሆን በውኃው ውስጥ ያለውን በመቁጠር ነው።

በአህጉራችን ደግሞ የናሚቢያን ዳርቻ ተመልከቱ። በ1968 ከዚያ ባሕር 1.4 ሚሊዮን ቶን ያህል ሰርዲን ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሀብቱ ተንኮታኮተ፤ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎም አላገገመም። በ2018 መንግሥት ሰርዲን ማስገርን ጨርሶ እስከ መከልከል ደረሰ። የሰርዲኑን ቦታ የያዘው ጄሊፊሽ ነው፤ አጥንትም ቅርፊትም የሌለው፣ ውኃ መሳይ ፍጥረት። በ2006 በታተመ ጥናት በዚያ ባሕር የጄሊፊሹ ክብደት ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ሲገመት፣ የዓሦቹ ግን 4 ሚሊዮን ቶን አልሞላም። ጄሊፊሽ ሰርዲኑ ይበላ የነበረውን ምግብ ይበላል፣ የዓሣ እንቁላልና እጭም ይበላል፤ በዚህም የተነሣ ባሕሩ አንዴ ወደዚያ ካዘነበለ በኋላ መመለሱ ይከብዳል። በዚያው ዳርቻ የሚኖረው የአፍሪካ ፔንግዊን ቅባት የሞላውን ሰርዲን ሲያጣ፣ ገላው ቅባት ያነሰው ሌላ ዓሣ ለመብላት ተገደደ፤ በ2024 ከምድረ ገጽ ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል። በሰሜን በኩል ደግሞ፣ በኖርዌይና በሩስያ መካከል ባለው ባሕር፣ ካፐሊን የሚባለው ትንሽ ዓሣ በ1980ዎቹ ሲመናመን ኮድ የተባለው ትልቅ ዓሣ የራሱን ጫጩት ወደ መብላት ዞረ።

ምን ያህል ይቀር ታዲያ? በ2011 የታተመና ከሰባት የተለያዩ የባሕር ሥርዓቶች 14 የወፍ ዝርያዎችን የተከታተለ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ቁጥር አስቀምጦለታል፤ የትንንሾቹ ዓሦች ብዛት ከታየው ከፍተኛ መጠን ከሲሶው በታች ሲወርድ ወፎቹ ጫጩት ማሳደግ ያቅታቸዋል። ሲሶ ለወፎቹ የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። በ2012 ደግሞ 13 ሳይንቲስቶች የተካተቱበት ቡድን ሒሳቡን በገንዘብ ሠርቶ ትንሹ ዓሣ ተይዞ ከሚያወጣው ዋጋ ይልቅ በውኃው ውስጥ ቀርቶ ትልልቆቹን ሲመግብ የሚያስገኘው እጥፍ መሆኑን አሳይቷል።

ፔሩ ትምህርቷን በመራር ዋጋ ገዝታለች። በ2023 የአንደኛው ወቅት ማስገር ሊጀመር ሲል በተደረገ ፍተሻ በመረብ የገባው አብዛኛው ጫጩት ሆኖ ስለተገኘ ወቅቱ በሙሉ ተሰርዟል፤ የፋብሪካና የጀልባ ባለቤቶች የደረሰባቸው ኪሳራ ቀላል እንዳልነበር እረዳለሁ፤ ያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን የአላስካ ሰዎች ሥራ ነው። በ1998 ካፐሊንና መሰሎቹን በዋናነት ለማስገር ማንም እንዳይሰማራ ሲከለክሉ የደረሰ ጥፋት አልነበረም፣ ገና የተስፋፋ ገበያም አልነበረም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከተጀመረ በኋላ ማስቆም ማለት ብድር የገባበትን ጀልባና የልጆች እንጀራ ማስቆም ማለት ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የሚጎዳ ሰው የለም።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ ስለሚበላ ለሕፃናት ድንቅ ምግብ ነው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሰዎች ዳጋ የሚሉትን ትንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ አድርቀው ይመገባሉ፣ ዓሣውም ፈጥኖ ይራባል። ስለዚህ ትንሽ ዓሣ ፈጽሞ አይነካ አልልም። የምቃወመው ሳይቆጠር መያዙን፣ ከዚያም ለሰው አፍ ሳይደርስ ዱቄት መሆኑን ነው። አንድ ኪሎ የዓሣ ዱቄት ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ትኩስ ዓሣ ይፈጃል። በጋምቢያ፣ በሴኔጋልና በሞሪታንያ ዳርቻ የዱቄት ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ለዘመናት የድሃው ወጥ የነበረው ዓሣ ለሌላ አገር የዓሣ እርባታና የዶሮ መኖ ሆነ፤ ዓሣ በጢስ እያጠኑና እያደረቁ ይሸጡ የነበሩ እናቶችም የሚገዙት አጡ። በእኛም አካባቢ የዶሮ እርባታ እየሰፋ፣ የመኖ ዋጋ እየናረ ነው፤ «ጣና ላይ እኮ ያልተነካ ትንሽ ዓሣ ሞልቷል» የሚል ንግግር ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጣና ላይ እስካሁን የደረሰው ጉዳት በትንንሾቹ በኩል የመጣ አይደለም። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች በክረምት ከወንዝ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸው ጀመር። በጉማራ፣ በርብ፣ በእኛው በመገጭ አፍ የሆነው ይህ ነው፤ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመሩም ተጨምሮበት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ሦስት አራተኛው ያህል እንደቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። በኋላም ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት መረብ መጣ። ትልልቆቹን በዚህ መንገድ አሳጥተናቸው ስናበቃ፣ ከሞት የተረፉት የሚመገቡትንም ብንወስድባቸው በምን ያገግማሉ? ነጭ ዓሣን የመሰለ፣ በአንድ ሐይቅ ብቻ የሚገኝ የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ በላናዎ ሐይቅም ነበር፤ ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው የጣናው ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በእጃችን አለ፤ ሆኖም አዋጅ በሐይቅ ዳር የሚኖረው እናንተ ስታኖሩት ብቻ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ክረምቱ ሳይገባ የሚፈጸም ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከመገጭና ከድርማ ወንዞች አፍ መረብ እንዲነሣ ማኅበራቱ በየመተዳደሪያ ደንባቸው ይጻፉት። ትንንሾቹን ዓሦች ለመኖ ለማውጣት የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ፣ አምጪው ማንም ይሁን ማን፣ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ተቆጥረው የነጭ ዓሣው ድርሻ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ተቀባይነት እንዳይኖረው ከወዲሁ ቃል ይገባቡ። መምህራን ቆጠራውን እንዲጀምሩ፣ አስጋሪዎች ደግሞ ዓሣ ሲበለት በሆዱ ያገኙትን ትንሽ ዓሣ ቁጥር በደብተር እንዲይዙልን እለምናለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ደብተሮቹንም ይዤ መጥቻለሁ።

ለጎርጎራዋ እናትም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ለእነዚያ ሰባት ዓሦች በደምቢያ ሰው አፍ የሚጠራ ስም እንዲያወጡላቸው እጠይቃለሁ፤ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምንጽፈው እርሱን ነው። አመሰግናለሁ።