አሮጌውን ሐዲድ አንጣለው

የድሬ ልጆች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የመጣሁት ስለ ምድር ባቡር ላወራችሁ ነው። ስለ አዲሱ አይደለም። ስለ አሮጌው፣ ያውም ከድሬዳዋ ተነስቶ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ አድርጎ ጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው ደወሌ ስለሚደርሰው ሐዲድ ነው።

ይቺ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ወጪው ከባድ ነበር፤ ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ደረሰና ድሬ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ቡናውም ቆዳውም በዚያ ወጣ።

አባቴ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ምሳ ሳደርስለት ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ መንኮራኩሩን ሲመታ አገኘዋለሁ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፣ ያ ፉርጎ ይቀራል። ውሃ የሚጭኑ ፉርጎዎችም ነበሩ፤ በረሃው ላይ ባሉት ጣቢያዎች ሴቶቹ ጄሪካን ደርድረው ይጠብቋቸው እንደነበር አባቴ ነግሮኛል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ኮንቴይነር ያነሳል፣ አገርም ያስፈልገዋል። ግን አምስት ጆንያ ሽንኩርት ይዛ የምትነግድ እናት ኮንቴይነር ከየት ታመጣለች?

አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1980 የባቡር ሕጉ ሲላላ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አያዋጣንም ብለው የተዉትን ብዙ መስመር ትናንሾቹ ተረከቡት። ዛሬ 600 ገደማ ናቸው። ጥቂት ሎኮሞቲቭ ይዘው፣ ከእህል ጎተራና ከፋብሪካ ደጃፍ ፉርጎ እየለቀሙ ለዋናው መስመር ያስረክባሉ። እኛም አሮጌውን ሐዲድ እንዲህ ልንሠራበት እንችላለን። እርግጥ እኛ ጋ የአሮጌውና የአዲሱ ሐዲድ ስፋት ስለሚለያይ ፉርጎው አይሻገርም፣ ዕቃውን አውርዶ መጫን ግድ ነው። ወጪ አለው፣ አልክድም። ግን አዲስ አበባ ድረስ ያለው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከቆመ በኋላ እንኳ የደወሌው ተጠግኖ ባቡር ሄዶበታል። ይቻላል ማለት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ብረቱ አይደለም፣ እጁ ነው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ መዶሻው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ይዛችሁልን ኑ። እነዚህ ልጆች ጥርት ያለውንና የታፈነውን ድምፅ በጆሯቸው ይለዩት።