የተሠራጨ ካንሰር፦ ቁጥሩ የሚነግረንና የሚሰውረን
የማኅበሩ ሊቀ መንበር የመክፈቻ ንግግር፣ ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሕሙማንና አስታማሚዎች፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል የመጣችሁ ባልደረቦች፤ ከጣና ማዶም ከከተማችንም እንኳን በደህና መጣችሁ።

«ደረጃ አራት»፣ ማለትም ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ርቆ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሠራጭቷል፣ ሲባል ብዙ ቤተሰብ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ለሁሉም የካንሰር ዓይነት ግን እውነት አይደለም። የተሠራጨ ሜላኖማ (አደገኛ የቆዳ ካንሰር) የያዘው ሰው ድሮ በአብዛኛው ዓመት አይሞላም ነበር፤ የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሱት መድኃኒቶች፣ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ፣ በአንድነት ከተሰጧቸው መካከል ግን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በታች ሆነው መጀመሪያ ሲመረመሩ የጡት ካንሰራቸው ተሠራጭቶ የተገኘ ሴቶች አምስት ዓመት የመኖር ዕድላቸው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 በታወቀባቸው 18 በመቶ ነበር፤ ከ2005 እስከ 2012 በታወቀባቸው 36 በመቶ ደርሷል። የቆሽት ካንሰር አልተከተለም፤ ከተሠራጨ በኋላ አምስት ዓመት የሚደርሰው ዛሬም ከመቶ ሦስት ያህል ነው።

ስለዚህ ከተሠራጨ ካንሰር ጋር የሚኖረው ሰው መብዛቱ ብቻውን ክፉ ዜና አይደለም። ሕሙማን ዘግይተው ሲመጡም ይበዛል፣ ረጅም ሲኖሩም ይበዛል። መሣሪያ ሲሻሻልም እንዲሁ፦ ሲቲ ስካን ያላየውን ትንሽ ሥርጭት ፔት ስካን ሲያሳይ ሕመምተኛዋ ከደረጃ ሦስት ወደ አራት ትዛወራለች። ከደረጃ ሦስት የባሰባት ስለወጣች የቀሩት አማካይ ዕድሜ ከፍ ይላል፤ ደረጃ አራትም ቀለል ያለች ስለገባችለት ከፍ ይላል። አንድም ሰው አንድ ቀን ሳይጨመርለት ሁለቱም ቁጥሮች ያምራሉ። ሪፖርት ስታነቡ ይህን አትርሱ።

እኛ አገር ዋናው ችግር መዘግየት ነው። አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በደረጃ ሦስትና አራት ነው። እብጠቱ ስለማያም ይታለፋል፤ የሚያሳስበው ግን ያ የማያመው ነው። ጠበል የምትሄደውን እናት አንከለክልም፤ ምርመራውን ለነገ እንዳታሳድር ግን አጥብቀን እንለምናለን። የዓለም ጤና ድርጅት ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ምርመራ ውጤት ከ60 ቀን እንዳይበልጥ ይጠይቃል።

ባለሙያዎች፣ ለምርመራ ከእብጠቱ በሚወሰደው ናሙና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ የሚበላሸው በኋላ አይጠገንም። ናሙናው በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥጋው እንዳይበሰብስ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ አሲድነቱን የሚቆጣጠር ጨው (ባፈር) በተደረገበት 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ፎርማሊኑ የናሙናውን መጠን አሥር እጥፍ ይሁን፤ ናሙናውም ከ6 ሰዓት ሳያንስ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ ይቆይበት። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰርግ፣ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ከተዘፈቀ ውስጡ ይበሰብሳል። በጠባብ ብልቃጥ የታጨቀ ወይም በደረቁ ሰንብቶ የደረሰ ናሙና የሆርሞን ተቀባይ (ካንሰሩ ሆርሞን ተቀብሎ የሚያድግበት ፕሮቲን) እያለው «የለውም» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ ይህን ተቀባይ የሚዘጋው መድኃኒት ታሞክሲፌን ሊጠቅማት የሚችል ሴት ሳይታዘዝላት ትቀራለች። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጠኑት የጡት ካንሰር ሕሙማን ከሦስት ሁለቱ ያህል ተቀባዩ ነበራቸው። ካንሰሩ ሳይሠራጭ የተገኘባት እንዲህ ያለች ሴት ታሞክሲፌን በቀን 20 ሚሊ ግራም ለአምስት ዓመት ብትወስድ በበሽታው የመሞት ዕድሏ በሲሶ ያህል ይቀንሳል።

የቀረው መዝገባችን ነው። በአሜሪካ ከተሠራጨ የጡት ካንሰር ጋር ከሚኖሩት ከአራት ሦስቱ ያህል መጀመሪያ የታወቀባቸው ከመሠራጨቱ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ የሚጽፍ መዝገብ እነዚህን አያያቸውም፤ የእኛም ካርድ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ምርመራው የተረጋገጠበት ቀንና ደረጃ፣ በሽታው የተመለሰበት ወይም የተሠራጨበት ቀንና ቦታ፣ ሕመምተኛው በሕይወት የታየበት የመጨረሻ ቀን ለየብቻ ይጻፉ። የአንድ ዘመድ ስልክም ይጨመር፤ ቀጠሮ የቀረውን በሕይወት አለ ብለንም ሞቷል ብለንም መቁጠር አንችልም።

የአዲሱ ካርድ ረቂቅ በእጃችሁ ነው። በመጀመሪያው አጀንዳ ዓምድ በዓምድ እናየዋለን። ጉባኤው ተከፍቷል።