ከሣጥን ያልወጡት አርባዎቹ

የተከበራችሁ የትንንሽ ወታደር ቀቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም የምግብ ጠረጴዛችሁ ዓመቱን ሙሉ በወታደር ተይዞባችሁ የታገሣችሁ ቤተሰቦች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የገንዘብ ያዣችን ሪፖርት ከእኔ ቀጥሎ ይቀርባል፤ አልሻማበትም። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ከውጭ ያስመጣነው ጥቅል ሦስት ሳምንት ዘግይቶብናል። የፈተሸው ባለሙያ ሰነዱ ላይ «60 ወታደሮች፣ 2 መድፎች» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ኖሮ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ይምጣ አለ። እኔ ሄድሁ። ሣጥኑ ተከፍቶ መድፉ የአውራ ጣቴን ጥፍር እንደሚያክል ሲታይ ሁላችንም ሳቅን፤ ፊርማው ግን አሁንም ሦስት ቢሮ ዞረ። ወደፊት የሚልክልን ሰው «መጫወቻ» ብሎ ይጻፍልን። ክብራችን ቢነካም እንችለዋለን።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። ንጉሠ ነገሥቱ በፈረሳቸው ላይ ናቸው። ታቦቱ ወደ ዓድዋ የዘመተው የአራዳ ጊዮርጊስ እዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከዚያ አይርቅም። በዚህ ሰፈር ተቀምጦ ሌላ ጦርነት መቀባት ይከብዳል። ሞክረን ነበር። የናፖሊዮንን ዘበኞች ያመጣልን ወንድማችን ከሦስት ቅዳሜ በኋላ ብቻውን ቀረ። የቃኘው ሻለቃን የኮሪያ ዘማቾች የጀመሩት አባሎቻችን ግን ጨርሰዋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ፤ ምንም እንኳ የአሜሪካን የደንብ ልብስ ለብሶ የሄደን ሻለቃ በአንድ ጠርሙስ አረንጓዴ መጨረስ እንደሚቻል ሁላችንም ብናውቅም።

ወደ ዓድዋችን ልመለስ። አዲስ አባላት ስላላችሁ ስሌቱን ልድገመው። የምንቀባው ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል ነው። አንዱ ምስል በጠረጴዛችን ላይ 100 ሰው ይወክላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት 100 ሺህ ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ ስለዚህ የእኛ ወገን አንድ ሺህ ምስል ይፈልጋል። የጣልያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ከ17 ሺህ በላይ ነበር፤ 170 ምስል ይበቃዋል። ከሺሁ አብዛኛው ተቀብቷል። አቀባቡንም ያየ ይፍረድ።

ስለ አቀባቡ ትንሽ ልናገር፤ ይህን ሳልናገር የወጣሁበት ጉባኤ የለም። መጀመሪያ ነጩ ሸማ ነው። ጀማሪ ሁሉ ጠርሙሱን ከፍቶ ነጭ ይለቀልቃል። ከአዲስ አበባ በጥቅምት ተነሥቶ ዓድዋ በየካቲት የደረሰ ሰው ሸማው የዓውደ ዓመት ነጭ ሊሆን አይችልም። አመድማ ቡኒ አስቀድሙ፤ ሲደርቅ እጥፋቱ ላይ ብቻ ነጩን በደረቅ ብሩሽ አስነኩት። ጥበቡ ሁሉ ነጩን መቆጠብ ላይ ነው።

ሁለተኛው የፊት ቀለም ነው። ከውጭ የሚመጣው ስብስብ ለአፍሪካ ሰው አንድ ቡኒ ጠርሙስ መድቦ ያርፋል። እኛ ደግሞ ሰውን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ረድፍ ወታደር በአንድ ቡኒ ቀብቶ የሚያመጣ አባል ካለ፣ የገዛ ቤተሰቡን ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲያይ እመክራለሁ። አራቱንም ቀላቅለን በትንንሽ ጠርሙስ አስቀምጠናል፤ ስማቸውም በአማርኛ ተለጥፎባቸዋል። ፈረስ ላይም እንዲሁ ነው፤ ዳማ፣ ጉራች፣ ቡላ፣ አምባላይ የሚል ቋንቋ ያለው ሕዝብ ፈረሱን ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ሲቀባ ያሳፍራል።

ስለ መሣሪያው የምናገረው ሌላ ቀን ነው፤ ሁለቱን ጠመንጃዎች፣ ስናድሩንና ውጅግራውን፣ ለይቶ ለመቅረጽ አሁንም እየታገልን ነው። ስለ መቆሚያው መሬት ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ። የቡና አተላ ደርቆ በማጣበቂያ ሲረጭ ግሩም አፈር ይወጣዋል ብዬ ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ። በደንብ ሳይደርቅ ግን መቀባት እንደማይገባው አልነገርኋችሁም፤ እኔም አላወቅሁም ነበር። ባለፈው ክረምት የፊታውራሪ ገበየሁ ጦር በሙሉ ሻገተ። መደርደሪያው ላይ ነጭ ጸጉር አብቅለው ሳያቸው፣ አንድ አባላችን «አርበኞቹ አረጁ» ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ወዲህ አተላውን በምጣድ አምሳለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

ሺሁን ይዘን በጠረጴዛ ላይ የምንጫወተውን ጦርነት ለሦስት ዓመት አልጀመርንም። ለምን? ምክንያቱ መጋዘን ውስጥ ያለ አንድ ሣጥን ነው። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የባንዳ ሣጥን» ተብሎ ተጽፏል። በውስጡ አርባ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣልያን የተዋጉ የአገሬው ወታደሮች፣ ተኝተዋል፤ የጣልያኑ ጄኔራል የአልቤርቶኔ ብርጌድ 4 ሺህ ገደማ ነበርና አርባ ይበቃዋል። አብዛኛው ከኤርትራ የተመለመለ አስካሪ ነበር። ይህ ብርጌድ በሌሊት ሲገሰግስ ኪዳነ ምሕረት በሚባለው ኮረብታ ስም ተሳስቶ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ራቀ፤ ውጊያውም ንጋት ላይ በእርሱ ተጀመረ። አልቤርቶኔ ከሌለ የዓድዋ ጠዋት የለም። ሺህ ሰው አሰልፈን የምንተኩስበት አጥተን ቁጭ ብለናል።

የጣልያኖቹን ነጭ ወታደሮች የቀባችሁ አላችሁ። የዳቦርሚዳንና የአሪሞንዲን ብርጌዶች በደስታ ወሰዳችሁ። አስካሪዎቹን ግን ማንም አልወሰደም። አልፈርድባችሁም። ከውጊያው በኋላ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡን እናውቃለን፤ ይህን የሚያህል ነገር ያለበትን ታሪክ በብሩሽ መንካት ቀላል አይደለም።

አንድ ጊዜ ደግሞ አባላችን የሆነ ሠዓሊ የተናገረው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን፣ ጠላቶች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ሥርዓት ነው፤ ይሁዳም ሰይጣንም እንዲሁ ይሣላሉ። ሠዓሊው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ ማምለጫ አለን፤ እናንተ ግን ምስላችሁን ሰው በእጁ ያዞረዋል።» እውነቱን ነው። የእኛ ምስል በጎን ብቻ አይታይም። አፍንጫ ካለው በግራም በቀኝም የጤፍ ፍሬ የምታክል ጉድጓድ አለች፤ ሁለቱም መሞላት አለባቸው።

አሞላሉን ታውቁታላችሁ። ጉድጓዷን አጥቁሮ፣ ነጯን ቀብቶ፣ ብሌኑን ከላይ ወደ ታች በአንዲት ቀጭን መስመር መጣል ነው። መሐል ላይ ነጥብ ያስቀመጠ ሰው ወታደሩን ያስደነግጠዋል፤ ሁለቱን መስመር ያላስተካከለ ሸውራራ ያደርገዋል። ከፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች የገዛሁት የዓይን ማጉሊያ ባይኖር ኖሮ እኔ ይህን ሥራ ከተውሁ ቆይቼ ነበር።

ባለፈው ወር ከአዲሶቹ አባላት አንዷ ከሣጥኑ አንድ አስካሪ ወስዳ ቀብታ መጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ተርቡሽ የሚባለው ቀይ ቆቡ፣ የተርቡሹ ዘርፍ፣ ሻለቃውን የሚለየው የወገብ መቀነቱ ልክ ነበር። ማጉሊያዬን አድርጌ ፊቱን አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ ቀጥ ብለው አዩኝ። ፊቱ ደግሞ የምናውቀው ጠይም ነው፤ ያ ስሙን በአማርኛ የለጠፍንበት ጠርሙስ። «ከገበየሁ ሰዎች ጋር አንድ ቀለም አደረግሽው?» አልኋት። «ሌላ ልቀላቅል ኖሯል ወይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

የመጫወቻ ወታደር ነጋዴዎች ከእኛ ቀድመው የገባቸው ነገር አለ። የለንደኑ ዊልያም ብሪተን ውስጡ ባዶ የሆነውን የእርሳስ ወታደር የሠራው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዓድዋ ሦስት ዓመት ቀድሞ። ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ዘመን ይኸው ድርጅት ባዶ እግራቸውን የሚራመዱ የንጉሠ ነገሥቱን ዘበኞች ቀርጾ ሸጧል። ጣልያኖቹንም ቀርጾ ሸጧል። ነጋዴ ነው፤ ሁለት ወገን ከሌለ ማንም ልጅ ጨዋታ እንደማይጀምር ያውቃል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዓድዋን እንድንጫወት፣ አርባዎቹን ዛሬ እንከፋፈል። ሣጥኑን አስወጥቼ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጫለሁ። የድሮውን ጽሑፍ ሰርዤ «የአልቤርቶኔ ብርጌድ» ብዬበታለሁ፤ የማይስማማ አባል በውይይቱ ሰዓት እጁን ያንሣ፣ እንሰማዋለን። ደብተሩ እዚያው ነው፤ የወሰደ ይፈርማል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የልጅቱ ስም አለ። ሁለተኛው ላይ ዛሬ ጠዋት እኔ ፈርሜያለሁ። 38 ቀርተዋል።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን እገልጻለሁ። ገንዘብ ያዣችን ወደ መድረክ ይምጡልን።