ለዩራኒየም ሌላ ማሟሚያ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ካፌይን የሌለው ቡና ታውቁ ይሆናል። እኔ እንኳ ካፌይኑ ከወጣ ምኑን ቡና ሆነ ባይ ነኝ። ግን ካፌይኑን ከቡናው ለይቶ ማውጫ አንዱ መንገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በዚሁ ጋዝ ዩራኒየምም ይወጣል።

ጋዙ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ74 ባር በላይ ሲሞቅና ሲታመቅ ሱፐርክሪቲካል ይሆናል። እንደ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ይሰርጋል፤ እንደ ፈሳሽ ያሟሟል።

ዩራኒየም ኦክሳይድ ግን እንዲሁ አይሟሟለትም። አጃቢ ይፈልጋል። ትራይቢውታይል ፎስፌት የተባለ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ይጨመራል። አሲዱ ኦክሳይዱን ወደ ዩራኒል ናይትሬት ይለውጠዋል። ሁለት የፎስፌት ሞለኪውሎች ደግሞ ይይዙትና በጋዙ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጉታል። ግፊቱ ሲቀንስ ዩራኒየሙ ከአጃቢው ጋር ይቀራል፤ ጋዙ ተመልሶ ይታመቃል። በአሜሪካ የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲው ቺየን ዋይ በዚህ ብዙ ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በተለመደው አሠራር ዩራኒየም ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ይታጠባል። የተረፈው አሲዳማ ዝቃጭ በግድብ ይጠራቀማል። በሐምሌ 1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ቸርች ሮክ፣ እንዲህ ያለ ግድብ ተደረመሰ። ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሬዲዮአክቲቭ ፍሳሽ ፑዌርኮ ወንዝ ገባ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት ከዚያ ነበር።

ይህ ዘዴ ያን ሁሉ አሲዳማ ውሃ ይቀንሳል። ግን አናጋንን። 0.1 በመቶ ዩራኒየም ካለው አንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ቢበዛ 1 ኪሎ ነው። ቀሪው 999 ኪሎ የትም አይሄድም። ከዩራኒየም የሚወለደው ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ ሬዲየምም፣ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ደግሞስ በሺህ የሚቆጠር ቶን ድንጋይ ከፍተኛ ግፊት በሚችል ጋን ውስጥ እያስገቡ ማውጣት ወጪው ቀላል ነው?

ስለዚህ እኔ ዘዴው መጀመሪያ ያዋጣል የምለው ዕቃው ጥቂት፣ ዩራኒየሙ ብዙ በሆነበት ቦታ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ፣ የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካ ከቆሻሻ ማቃጠያው አመድ የበለጸገ (ለነዳጅ የሚሆነው ዓይነት የበዛበት) ዩራኒየም ለመልቀም ይህንኑ መንገድ የመረጠው ያለ ነገር አይደለም።

ለማዕድን ድንጋዩ ግን ገና የሚቀር ሥራ አለ። በተለይ አጃቢውን ከዩራኒየሙ ለይቶ ደጋግሞ መጠቀም ላይ። የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከዚህ በኋላ ሻይ ላይ እንነጋገር።

አመሰግናለሁ።