ሐምሌና ነሐሴም ቤቱ ክፍት ነው

እንደምን አደራችሁ፣ ቤታችሁን የልጆች መዋያ ያደረጋችሁ እህቶቼ! የተከበራችሁ እንግዶቻችንና ወላጆች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከሽምብጥ፣ ከፔዳ ጀርባ፣ ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ልጅ አዝሎ ከርሞ ቅዳሜ ጠዋት ለስብሰባ መነሳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የማኅበራችንን የዘንድሮ ጉባኤ ግንቦት ላይ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ሰኔ 30 ሳይደርስ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። የሒሳብ ሪፖርቱንና የአዳዲስ አባላትን ጉዳይ ጸሐፊያችን ታቀርባለች። እኔ የማወራው ስለ ክረምት ክፍያ ብቻ ነው፤ ክረምቱን ለማይመጡ ልጆች ለሐምሌና ለነሐሴ ስለሚከፈለው።

ከተማችን ባሕር ዳር የአስተማሪ ከተማ ናት። ፖሊና ፔዳ የምንላቸው ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ በ1992 ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ብሷል። ቤታችን ከሚውሉት ልጆች የብዙዎቹ እናት ወይ አባት አስተማሪ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እናት ቤት ትውላለች። ልጇን ይዛ ዘጌ ወይ ደብረ ታቦር አያት ቤት ትሄዳለች። ደግ አደረገች። ልጅ ከእናቱ ጋር ቢከርም፣ ቡሄን አያቱ ጋ ሙልሙል እየበላ ቢያሳልፍ ማን ይጠላል? እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በር ላይ ነው። እናት ሰኔ መጨረሻ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ፣ "እትዬ፣ እንግዲህ መስከረም ላይ እንገናኛለን" ትላለች። እኛም "እሺ የኔ እናት፣ በሰላም ክረሚ" እንላለን። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አትወጣም። እሷ ቦታው እንደሚጠብቃት አምና ትሄዳለች። እኛ ሁለት ወር እጅ አጥሮን እንከርማለን። ይሉኝታ ነው። ላልዋለ ልጅ ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ክፈይ እላለሁ እያልን ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ከስምንት ልጆች አራቱ ለክረምት ሄዱ። የአራቱን ፍራሽ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ረዳቴ የልጆቹን ብርድ ልብስ አጥባ፣ ፀሐይ ስታጣ፣ ከሰሉ አጠገብ ወንበር ላይ ዘርግታ ታገላብጠዋለች። ድንገት ቀና ብላ "እትዬ፣ እኔም ልሂድ እንዴ?" አለችኝ። ደብተር ይዤ ደመወዟን ከየት እንደማመጣ ሳሰላ አይታኛለች። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ሌላ ቤት ገባች።

መስከረም ላይ ከአራቱ ልጆች አንዷ ተመለሰች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። እንደገባች ዓይኗ ረዳቴን ነው የፈለገው። ማድ ቤቱን አየች። ጓሮ ወጥታ አየች። ከዚያ መጥታ በሩ ሥር ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች። ባዝላት እንቢ፣ አጥሚት ባቀርብላት እንቢ። የረዳቴ ጀርባ ላይ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን። እናቷ በመጨረሻ "ልጄን ምን አድርጋችሁብኝ ነው?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

የክረምት ክፍያ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ላልዋለ ልጅ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ልጁ የለመዳት ሰው ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ የሚከፈል ነው። አከራይ ክረምት ነው ብሎ ኪራይ አይቀንስም። ረዳቶቻችንም ሐምሌን ሳይበሉ አይከርሙም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቤት አስገቡበት። ስምንት ልጅ በ3,000 ብር፣ በወር 24,000 ይገባል። ኪራይ 6,000፣ የረዳት ደመወዝ 4,000፣ ለምግብ፣ ለሳሙናና ለከሰል 6,000 ይወጣል። ለቤቱ ባለቤት 8,000 ይተርፋታል። ሐምሌ ገባ፣ አራት ልጅ ሄደ። ገቢው 12,000 ሆነ። የምግቡ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል እንበል፣ 3,000። ኪራይና ደመወዝ ግን ንቅንቅ አይሉም። ወጪው 13,000 ነው። ወሩን ሙሉ ሠርታ 1,000 ብር ከኪሷ ትጨምራለች ማለት ነው። ረዳቷን የምታሰናብተው ክፉ ሆና አይደለም። ሌላ የምትቀንሰው ነገር የላትም።

ኮሚቴው ይዞ የመጣው ሐሳብ ግማሽ ክፍያ ነው። ክረምቱን የማይመጣ ልጅ ለሐምሌና ለነሐሴ ግማሽ ግማሽ ይከፈልለት። ሙሉ ይከፈለን የምትሉ እህቶች ነበራችሁ፤ ሐሳባችሁን አክብሬ አልስማማም። ልጁ ምሳውን አልበላም፣ ጉልበታችንንም አልወሰደም። ፍራሹን ግን ይዟል። በምሳሌያችን አራቱ ልጆች 1,500 ቢከፍሉ 6,000 ይሆናል። ያቺ 1,000 ብር የጎደላት እህት 5,000 ይዛ ትገባለች። ከ8,000 ያነሰ ነው፤ ረዳቷን ይዛ ክረምቱን ለመውጣት ግን ይበቃታል።

አከፋፈሉ ላይ የወላጁን ኪስ ማየት አለብን። አሥሩ ወር በሙሉ፣ ሁለቱ ወር በግማሽ ሲታሰብ የአንድ ልጅ የዓመቱ ድምር 33,000 ነው። የመንግሥት አስተማሪ ክረምቱንም ደመወዝ አለው። ለሱ ድምሩን በ12 ብናካፍለው በየወሩ 2,750 ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ አዲስ ነገር አይመጣበትም። በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ደግሞ ክረምት ላይ ደመወዝ የማያገኙ አሉ። ለነሱ በአሥር ወር፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ 3,300 ይሻላል።

ሁለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በ2,750 የገባች እናት ሰኔ ላይ ልጇን አውጥታ ብትቀር 27,500 ብቻ ከፍላለች፤ አሥሩን ወር በሙሉ ዋጋ ብናስብ 2,500 ይጎድላል። ስለዚህ መግቢያ ላይ ያንኑ ያህል ማስያዣ ይያዝ፣ ክረምቱን አልፋ መስከረም ላይ ስትመለስ ይመለስላት። የ3,300ው ፈተና ደግሞ የኛው ነው። ያቺ ትርፍ 300 ብር በየወሩ ከእጅ ትሄዳለች። እቁብ አስገቧት፤ ተራችሁንም ሐምሌ ላይ አድርጉ። ጳጉሜን ማንም አይክፈል። እንዲያውም የጳጉሜን ቀናት ልጆቹ ግማሽ ግማሽ ቀን እየመጡ እንዲላመዱበት ብንተውላቸው መስከረም ላይ ለቅሶው ይቀንሳል።

አሁን አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በአንድ ፍራሽ ሁለት ክፍያ አንቀበል።

ሐምሌ ሲገባ ከየወረዳው አስተማሪዎች ለክረምት ኮርስ ፔዳ ይመጣሉ። ጡት የሚጠባ ልጅ ይዘው የሚመጡ አሉ። ልጇን ለአከራይ ልጅ አደራ ብላ ክፍል ገብታ፣ በእረፍት ሰዓት በዝናብ እየሮጠች ልታጠባ የምትመጣ እናት ሰፈሬ አይቻለሁ። ነጠላዋ በስብሶ ልጁን ከማንሳቷ በፊት ደረቷን በእጇ ታሞቃለች። የምትፈልገው ሁለት ወር ነው፤ እኛ ጋ ባዶ የሚሆነውም ሁለት ወር ነው። ተቀበሏት። ነገር ግን እሷ ሙሉ ከከፈለች፣ ከሄደችው እናት የወሰዳችሁት የሁለቱ ወር ግማሽ ክፍያ ይመለስ። ቦታው ሥራ ላይ ውሏልና። ከመለስን ወላጅ ያምነናል። ካልመለስን ግን ወሬው አንድ ሳምንት ሳይሞላ ፖሊ ይደርሳል።

በአንጻሩ ግማሹን ከተቀበልን በኋላ ቦታውን ለቋሚ ልጅ መስጠት ክልክል ይሁን። ፈተናው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ እናት ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሐምሌ ላይ ፈቃዷ ያለቀ እናት የሦስት ወር ልጅ አቅፋ በራችሁ ላይ ትቆማለች። የተጠቀለለውን ፍራሽ በመስኮት ታየዋለች። "ተይዟል" ማለት አፍ ያስራል። እኔ አንድ ዓመት "ተይዟል" ማለት አቅቶኝ ቦታውን ሰጠሁ። መስከረም ላይ የቀድሞዋ እናት የልጇን ቦርሳ አንግታ፣ ዳይፐሩን ገዝታ መጣች። በማግስቱ ሥራ መግባት ነበረባት። በሩ ላይ ቆመን ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። ለአራስ እናቶች መፍትሔው እርስ በርስ መደዋወል ነው። አንዷ ጋ ቦታ ባይኖር ሌላዋ ጋ ይኖራል። ለዚህ ነው ማኅበር የሆንነው።

አቅም የሌላት እናት ስትመጣ ግን ውል አለ ብላችሁ ፊት አትንሷት። ባሏ የሞተባት አለች፣ ከሥራ የተቀነሰች አለች። ለሷ የሚሆነውን እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ፍረዱ፤ ኮሚቴው አይጠይቃችሁም።

ወላጆች፣ ከናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ክረምቱን መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ግንቦት 30 ንገሩን። ሰኔ 29 ማታ በስልክ ስትነግሩን የምንይዘውን እናጣለን።

የውሉ ረቂቅ አንድ ገጽ ነው፤ አሁን ይታደላችኋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። አንብባችሁ ያልገባችሁን፣ ያልተስማማችሁበትንም ተናገሩ።

ውይይቱን ግን እኛ አንጀምርም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዳቶቻችንን ጠርተናል፤ ከኋላ ተቀምጠዋል። ክረምት ሲመጣ ቀድሞ የሚጨንቃቸው እነሱ ናቸው። ጉባኤው ተከፍቷል። እባካችሁ ማይኩን ወደ ኋላ አቀብሉላቸው።