የተወጠረው ቀለበት፦ ከኑግ ዘይት እስከ ኢፖክሲ ሙጫ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በጾም ወራት ከቤታችን የማይጠፋው የኑግ ዘይት ጠርሙስ፣ አንገቱ ላይ የፈሰሰው ካልተጠረገ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይደርቅና ክዳኑን አላስከፍት ይላል። በልጅነቴ ይህ ተራ እድፍ ይመስለኝ ነበር። የኑግ ዘይት በብዛት የያዘው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የቅባት አሲድ በካርቦን ሰንሰለቱ ላይ ሁለት ድርብ ትስስሮች፣ ማለትም ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የተያያዙባቸው ቦታዎች፣ አሉት፤ የአየር ኦክስጅን በእነዚህ በኩል እየገባ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል።

ኬሚስት ደግሞ ኦክስጅኑን በሥርዓት ያስገባዋል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ፕሪሌዣየቭ በ1909 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ፐርአሲድ (ተጨማሪ ኦክስጅን የተሸከመ አሲድ) ለድርብ ትስስር አንድ የኦክስጅን አቶም ያስረክባል፤ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ያሉት ቀለበት፣ ማለትም ኢፖክሳይድ፣ ይፈጠራል። የካርቦን ትስስሮች እንደ ልማዳቸው ወደ 109.5 ዲግሪ መራራቅ ሲሹ እዚህ ወደ 60 ዲግሪ ተጨምቀው ስለታሰሩ፣ ቀለበቱ በሞል 114 ኪሎጁል ያህል ውጥረት ይሸከማል። የሚከፍተው ካገኘ አይዘገይም። በቤዝ ውስጥ ቀለበቱን የሚከፍተው መቺ ሞለኪውል ያልተጨናነቀውን ካርቦን ይመርጣል፤ በአሲድ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ቅርንጫፍ ያለውን።

በገበያ በሁለት ዕቃ የሚሸጠው የኢፖክሲ ሙጫ ሥራው ይኸው ነው፤ በአንዱ ቀለበቶቹ፣ በሌላው አሚን፣ ማለትም ቀለበቱን የሚከፍት ናይትሮጅን ያለው ውህድ፣ ይገኛሉ። አሚኑ ቀለበቱን ሲከፍት የሚወለደው ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ሙጫውን ከብረት ጋር አጥብቆ ያስይዘዋል። መክፈቱ ሙቀት ይለቃል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ነገር ግን የተሰበረ የጠረጴዛ እግር ልጠግን ብዬ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ሙሉ በአንድ ጊዜ ባዋሕድ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ኩባያው በእጄ ላይ ለሰለሰ፣ ጢሱም ቤቱን ሞላው። በቀጭኑ ዘርግቼው ቢሆን ኖሮ ሞቅ ብሎ ባበቃ ነበር።

የተለመደው ሬዚን፣ ማለትም ቀለበቶቹን የያዘው የሙጫው ክፍል፣ የሚሠራው ከቢስፌኖል ኤ እና ከኤፒክሎሮሃይድሪን ነው። የመጀመሪያው የሆርሞንን ሥራ ያውካል፤ ሁለተኛው መርዛማ ነው። ስለዚህ ዓይን ወደ ዕፅዋት ዘይት ዞሯል፤ እዚህ ላይ አገራችን የምትለው አላት። በ1964 እ.ኤ.አ. በሐረር አካባቢ የተሰበሰበው ቬርኖኒያ ጋላሜንሲስ የተባለው ተክል ከዘይቱ የቅባት አሲድ ከ70 በመቶ የሚበልጠው ቬርኖሊክ አሲድ ነው፤ ይህም ከሊኖሌይክ ሁለት ድርብ ትስስሮች አንዱ በተክሉ በራሱ ወደ ኢፖክሳይድ የተለወጠበት ነው። እኛ ኑግ ላይ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በፎርሚክ አሲድ የምንደክምበትን ተክሉ በኢንዛይም ይሠራዋል።

ሆኖም «ከዘይት የተሠራ» ስለተባለ ብቻ ሁሉ አማረ ማለት አይደለም። የዘይት ቀለበቶች በሰንሰለቱ መካከል ተሸጉጠው ስለሚገኙ አሚን ቀስ ብሎ ነው የሚደርስባቸው፤ ከዚያም በላይ አሚኑ የዘይቱን ኤስተር፣ ማለትም የቅባት አሲዶቹን በአንድ የሚያስረውን ትስስር፣ ራሱን ያፈርሳል። ስለዚህ እንደ ሲትሪክ አሲድ (የሎሚ አሲድ) ያለ ማጠንከሪያ ይሻላል ባይ ነኝ። ኑጉም ምግባችን ነው፤ ከወጥ ዘይት ጋር የሚሻማ ሙጫ አልወድም። የፋሲልን ግንብ በኢፖክሲ እንጠግን ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ወዳጄም መልሴ አይሆንም ነበር፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ኢፖክሲ ግን ይዘጋዋል።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ቡናማ ቁራጭ ኢፖክሳይድ ከተደረገ የኑግ ዘይትና ከሲትሪክ አሲድ የተሠራች ናት። ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ተጫኗት፤ እንደ ጎማ ትታጠፋለች። የጠረጴዛዬን እግር ለመያዝ ገና ናት፤ እንጨት ለመቀባት ግን መሞከር ጀምረናል።